ሰፈራችን ውስጥ ስለሚመታው ከበሮ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ካናዳ የምትኖሩ አንባቢያን ስለ ጎረቤቶቻችሁ፣ ማለትም ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጠይቃችኋል። ጁን ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው። የፓውዋው፣ ማለትም የነባር ሕዝቦች የከበሮና የጭፈራ በዓል፣ ማስታወቂያ በየቦታው ይለጠፋል፣ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ የቪዛውንና የግብሩን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድረን ገጹን ሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ ነው የምኖረው። ስፓዳይና ሮድ ላይ፣ ብሎር አካባቢ፣ በጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ። ከምጠብቀው ሕንፃ አጠገብ አንድ ቤት አለ። ማታ ማታ ከበሮ ይሰማል። ሰዎች ድስት ይዘው ይገባሉ፣ ሕፃናት ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። መጀመሪያ ሠርግ መስሎኝ ነበር፣ ግን በየጊዜው ሠርግ የለም። ምንድን ነው? እንደኔ ያለ ሰውስ መግባት ይችላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሠርግ አይደለም። ስፓዳይና ሮድ ቁጥር 16 ያለውን የቶሮንቶ የነባር ሕዝቦች ማዕከል ሳይሆን አይቀርም ያዩት። ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት ፍሬንድሺፕ ሴንተር ይሉታል። በመላ አገሪቱ ከመቶ በላይ አለ።

መነሻው ሕንፃ አልነበረም። በ1951 ቶሮንቶ ውስጥ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ክበብ አቋቁመው መገናኘት ጀመሩ። በዓመቱ ቫንኩቨር ውስጥም እንዲሁ ሆነ። በ1959 ዊኒፔግ ማዕከል ከፈተች። ከዚያ በየከተማው ተዛመተና በ1972 ሁሉንም የሚያስተባብር አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ።

1951ን ልብ ይበሉልኝ። ከዚያ በፊት መሰባሰቡ ራሱ ወንጀል የሆነበት ዘመን ነበር። የካናዳ መንግሥት በ1884 ባወጣው ሕግ፣ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ያሉ ሕዝቦች ስጦታ የሚከፋፈሉበትን ፖትላች የተባለ ድግስ ከለከለ። ቆይቶ ክልከላው ወደ ሌሎች ሥርዓቶችና ጭፈራዎችም ሰፋ። ድግስ ደግሶ የታሰረ ሰው አለ፣ ጭምብሉና ንብረቱ የተወሰደበት አለ። በ1927 ደግሞ የመሬት ጥያቄ ለማንሳት ገንዘብ ማዋጣት ተከለከለ። እነዚህ አንቀጾች ከሕጉ የወጡት በ1951 ነው። እንግዲህ ማታ የሚሰሙትን ከበሮ በዚህ ዓይን ይስሙት፣ የአንዳንዶቹ ተሰብሳቢዎች አያቶች ይህንኑ ሲያደርጉ ይደበቁ ነበር።

መግባቱን በተመለከተ፣ በቀን ይግቡ። ሱቅ አለ፣ እንግዳ ተቀባይ አለ። የማታው ፕሮግራም ለሁሉም ክፍት መሆኑን ይጠይቁ። አንዳንዱ ለሁሉም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለእነሱ ብቻ ነው፣ ለእነሱ ብቻ የሆነውን ይተዉላቸው።

ጥያቄ፦ ዊኒፔግ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኛ ማኅበር የምናቋቁመው በሰው አገር ስለሆንን ነው። እነሱ ግን አገራቸው ነው። በገዛ አገራቸው መሰባሰቢያ ምን ያደርግላቸዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው ይህን በሆዱ ይዞ ይዞራል፣ አንቺ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎናል። መልሱ ግን እዚያው አንቺ ዋርድ ውስጥ ተኝቷል። ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱትን እናት፣ ማውራት ከፈለጉ፣ አገርዎ ወዴት ነው በያቸው። ከሰሜን ማኒቶባ ሊሆን ይችላል የመጡት፣ ክረምት ላይ ሐይቁ በረዶ ካልሠራ በቀር መኪና ከማይደርስበት መንደር፣ በትንሽ አውሮፕላን። ማሽኑ እዚያ የለም። ስለዚህ ቤት፣ ጎረቤት፣ የልጅ ልጅ ጥለው ዊኒፔግ ኪራይ ቤት ገብተዋል። ቋንቋቸው ኦጂ ክሪ ነው። ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤታቸው ዳኮታ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ አጠገባቸው የተኙት ደግሞ ከሩቅ ሰሜን፣ ከኑናቩት የመጡ ኢኑዊት ናቸው። እኛ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን እናልፋለን እንጂ ካናዳ ውስጥ ከነባር ሕዝቦቹ ሦስት ወገኖች አንዱ የሆነው ፈርስት ኔሽን ብቻ ከ600 በላይ ማኅበረሰቦች አሉት፣ ሜቲስ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለዱት) እና ኢኑዊት ሳይቆጠሩ። ቋንቋቸው ከ70 በላይ ነው። ለእኚህ እናት ዊኒፔግ አገራቸው ናት ማለት በወረቀት ልክ ነው። ሰው አገር የሚለው ግን ስሙን የሚያውቁበትን ቦታ ነው።

በ2021 ቆጠራ ካናዳ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነባር ሕዝብ ተቆጥሯል። ከዚህ 800 ሺህ ያህሉ በትልልቅ ከተሞች ነው የሚኖረው። ብዛቱ የመጀመሪያ የሆነው ያንቺው ዊኒፔግ ነው፣ ከ100 ሺህ በላይ።

ሁሉም ደግሞ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ከመንደር የመጣ እንዳይመስልሽ። ከተማ ተወልዶ መንደሩን አይቶት የማያውቅ ብዙ ነው። ምክንያቱ ሕግ ነው። እስከ 1985 ድረስ አንዲት የፈርስት ኔሽን ሴት በሕጉ እንደ ነባር ሕዝብ ያልተመዘገበ ወንድ ካገባች እሷም ከመዝገቡ ትሰረዝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በተወለደችበት መንደር የመኖር መብት የላትም። ወንዱ ያልተመዘገበች ሴት ቢያገባ ግን ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ሚስቱ ትመዘገባለች። እንዲህ ተቆርጠው ከተማ የቀሩ ሴቶች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ሰፈርሽ ውስጥ ያሉት። በዚያ ላይ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ከወላጅ ተነጥቀው በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያናት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል፣ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፣ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ልጆች በማደጎ ለነጭ ቤተሰቦች ተሰጥተዋል። ያ አበቃ እንዳትይ። በ2021 ቆጠራ በአሳዳጊ ቤተሰብ ውስጥ ካሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች 53.8 በመቶዎቹ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከአገሪቱ ልጆች መካከል ድርሻቸው ግን 8 በመቶ እንኳ አይሞላም።

አሁን አንድ ዊኒፔግ ውስጥ በአሳዳጊ ቤት ያደገ የ20 ዓመት ወጣት አስቢ። ማንን ልጠይቅ ይላል? ማዕከሉ ውስጥ ሾርባ ሊጠጣ ይገባል። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ የአባቱን ስም ይጠይቁታል። ቀጥሎ፣ ኩኩምህ ማን ናት? ይሉታል፣ አያትህ ማን ናት ማለታቸው ነው። ስሙን ይናገራል። ሴትዮዋ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ እንዴ፣ እህቷን አውቃታለሁ እኮ ይሉታል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ሲሆን ግን ይህን የሚተካ ምንም የመንግሥት ቢሮ የለም።

ጥያቄ፦ ብራምፕተን መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። አብሮኝ ፈረቃ የሚገባ፣ ኦጂብዌ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነ ጓደኛ አለኝ። ቅዳሜ ፓውዋው ና ብሎኛል፣ እህቱ ትጨፍራለች። ምን ልልበስ? ነውር ነገር አድርጌ እንዳላሳፍረው ፈራሁ።

መልስ፦ ጂንስህን ልበስና ሂድ። አለባበስህ ማንንም አያስጨንቅም። ተጣጣፊ ወንበር ግን ካለህ ያዝ፣ ቀኑ ረጅም ነው። ሜዳው ዙሪያ ብርድ ልብስ የተጣለበት ወንበር ካየህ ባዶ ነው ብለህ እንዳትቀመጥ፣ የጨፋሪ ወይም የሽማግሌ ቦታ ነው።

ዋናው ሰዓት መግቢያው ነው። ባንዲራ የያዙ፣ የንስር ላባ ያለበት በትር የያዙ፣ የቀድሞ ወታደሮች ከፊት ሆነው ጨፋሪው ሁሉ ተሰልፎ ሜዳው ውስጥ ይገባል። ያኔ ሁሉም ይነሣል፣ ኮፍያ ይወልቃል። ስልክህን ኪስህ ክተት። ማይክ የያዘው ሰው አሁን ፎቶ አይነሣም ሲል ቀልድ አይደለም። ሌላ ጊዜ ሲያወራ ግን ግማሹ ቀልድ ነው፣ እንግዶችንም ሊተርብ ይችላል፣ ፈገግ በል። ከጨፋሪ ልብስ ላይ የንስር ላባ ከወደቀ ሁሉም ነገር ይቆማል። አንተ አታንሣው። የሚያነሣው ሰው አለ፣ የሚነሣበትም ሥርዓት አለ።

ልብሱን ኮስትዩም እንዳትለው፣ ሬጋሊያ ነው የሚሉት። አትንካ። ከሰው ጋር ፎቶ ለመነሣት ከፈለግክ ጠይቅ፣ አብዛኛው እሺ ይላል። ዶቃው እያንዳንዱ በእጅ የተሰፋ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ የወሰደ ሊሆን ይችላል፣ የሞተች አክስት የጀመረችውን የእህት ልጅ የጨረሰችውም አለ።

የጓደኛህ እህት የጂንግል ቀሚስ ለባሽ ከሆነች ጆሮህን አቅና። ቀሚሱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የብረት ቀንዶች ተሰፍተዋል። ድሮ ከትንባሆ ቆርቆሮ ክዳን ይጠቀለሉ ነበር፣ አሁን ተሠርተው ይሸጣሉ። ስትራመድ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ እንደ ዝናብ ይንሿሿሉ። ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ሲገቡ ከበሮውን ሊውጠው ይደርሳል። ጭፈራው የኦጂብዌ ነው፣ የተጀመረውም በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ (እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው) ጊዜ አካባቢ ነው። ልጁ ታማ የነበረች አባት ቀሚሱንና ጭፈራውን በሕልሙ አየ፣ ልጅቷ ያንን ለብሳ ጨፈረች፣ ዳነች ይላሉ። ኦንታሪዮም ሚኒሶታም ያሉ ማኅበረሰቦች ታሪኩ የእኛ ነው ይላሉ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ለታመመ ሰው ተብሎ የሚጨፈረው፣ እንዲህ በሚሆንበት ሰዓት አታጨብጭብ፣ ቁምና ዝም በል።

ከበሮው አንድ ትልቅ ነው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው በአንድነት ይመቱታል። ከላይ አታንዣብ፣ ዕቃ አታስቀምጥበት። እነሱ ዘንድ ከበሮ እንደ ሕያው ነገር ነው የሚቆጠረው።

ኢንተርትራይባል ሲባል ከሰማህ ግን ያኔ ያንተ ተራ ነው። ማንም ይገባል። ከፊትህ ያለውን ሰው እያየህ በከበሮው ልክ ተራመድ፣ በቃ። እስክስታውን ለሌላ ቀን አቆየው። ባኖክ የሚባለውን ዳቦ ሳትቀምስ አትምጣ፣ ዘይት ውስጥ የተጠበሰው ይሻላል (ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ ምድጃ ላይ የተጋገረው ይበልጣል ብሎ የሚከራከርህ አታጣም)። ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ ሻጮች ሁሉ ካርድ አይቀበሉም። መጠጥ ጠጥተህ አትሂድ። ይዘህም አትሂድ።

ጥያቄ፦ ኤድመንተን ነው የምኖረው። የልጄ አባት ክሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ነበር፣ ልጃችን ትንሽ ሳለች አረፈ። እሱ ራሱ በማደጎ ስላደገ ዘመዶቹን አናውቃቸውም። አሁን ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በቀደም ግን “እማዬ፣ የአባዬ ሰዎች የት ናቸው?” አለችኝ። ምን ልበላት? ወዴትስ ልውሰዳት? ደግሞ ጭሱም አለ፣ ጸሎቱም አለ፣ የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል ብዬ እጨነቃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። ጥያቄዋ ከባድ ነው፣ ግን በጊዜ ነው የመጣው። 15 ዓመት ሞልቷት አንቺን ከመጠየቅ ስታቆም ይከብድ ነበር።

ፓውዋው አትጠብቂ። ትልቁ በዓል ያማረ ነው፣ ግን ብዙ ሺህ ሰው ያለበት ሜዳ ላይ ማንም ልጅሽን ስሟን አይጠይቃትም። እኔ ብሆን በሥራ ቀን ማታ ነው የምጀምረው። ኤድመንተን ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማዕከል አለ። ደውለሽ ለልጆችና ለቤተሰብ ምን ቀን ፕሮግራም አላችሁ በያቸው። የዶቃ ሥራ፣ የስፌት፣ የክሪ ቋንቋ፣ የልጆች ጭፈራ እንዲህ ባሉ ማዕከላት የተለመደ ነው። ወረቀት አምጪ የሚልሽ የለም። አባቷ ክሪ ነበር፣ ቤተሰቡን አናውቅም ብለሽ እንዳለ ተናገሪ። እዚያ ቤት ይህ ታሪክ ብርቅ አይደለም። ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ሰዎች መካከል እንደ ባልሽ ያደገ አታጪም።

ስፌት ካለ ስፌቱን ምረጪላት። ሪባን ስከርት የሚባል ቀሚስ አለ፣ ጉርዱ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ ዙሪያውን ይሰፋበታል። ቀለሙን የምትመርጠው ለባሿ ናት። አንዷ ሴት መቀሱን ትይዛለች፣ አንዷ ማሽኑ ላይ ናት፣ ሕፃናቱ ከጠረጴዛ በታች የተቆረጠ ጥብጣብ ይለቅማሉ፣ ወሬው ደግሞ አያልቅም፣ የማን ልጅ የት ገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። ልጅሽ የምትፈልገው ይህን ወሬ ነው። በ2020 ሳስካችዋን ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ይህን ቀሚስ ለክት ልብስ ቀን ለብሳ ትምህርት ቤት ብትሄድ ይህ የክት ልብስ አይደለም አሏት። ወሬው አገሩን አዳረሰ። ሴቶች በየቦታው ቀሚሳቸውን ለብሰው ፎቶ ለቀቁ፣ ከእረፍት ስትመለስ ሰዎች ከበሮ ይዘው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሸኟት። አሁን ጃንዋሪ 4 በየዓመቱ የሪባን ስከርት ቀን ተብሎ በሕግ ይታወቃል፣ ከ2023 ጀምሮ።

ኤልደር የሚሏቸው አዋቂ ሽማግሌዎች አሉ። የባልሽን ነገር ልታማክሪ ስትፈልጊ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ትንሽ ትንባሆ በጨርቅ ቋጥረሽ ትሰጪያቸዋለሽ። ልመናሽን ከተቀበሉ ትንባሆውን ይቀበላሉ። ገንዘብ አይደለም፣ ክብር ነው። ዘመዶቹን ፍለጋ ደግሞ የተወለደበትን ቀንና ቦታ የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ሰብስቢ፣ የአልበርታ መንግሥት የማደጎ መዝገብ ክፍል አለው፣ በወረቀት በኩል እዚያ ጀምሪ። በሰው በኩል ያው ማዕከሉ ነው።

ጭሱ ሴጅ የሚባል ቅጠል ነው፣ በዛጎል ወይም በሳህን ላይ ያጨሱታል፣ ሰዎች በእጃቸው ወደ ራሳቸው፣ ወደ ዓይናቸው፣ ወደ ደረታቸው ይስቡታል። ማንም አያስገድድሽም። ራስሽን ነቅነቅ አድርገሽ ማሳለፍ ትችያለሽ፣ ቅር የሚለው የለም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ራሳቸው ክርስቲያን የሆኑ ሞልተዋል። የነፍስ አባትሽን በተመለከተ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ራስሽ ጠይቂያቸው። ግን ስትጠይቂ “ልጄን የአባቷን ወገን ላሳውቃት ነው” ብለሽ ጀምሪ፣ ከጭሱ አትጀምሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ካልጋሪ ነኝ። ግልጹን ልናገር። ከቤቴ ወጥቼ ሥራ እስክደርስ ውጭ የሚያድሩ ነባር ሕዝቦች አያለሁ፣ በዚያ ብርድ። ለነዚህ ሰዎች ጭፈራና ስብሰባ ምን ይጠቅማል? ገንዘቡ ለቤት አይሻልም?

መልስ፦ ለቤት ይሻላል። በዚህ አልከራከርህም። ክብ ሠርቶ መቀመጥ ቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ኪራይ ይከፍላል የሚልህ ሰው ካለ አትመነው። ግን ሁለቱ ገንዘብ የሚቀማሙ ይመስልሃል? ነገሩ ሲሠራ ያየነው በአንድ በር ነው። ሰውየው ለምሳ ይገባል። ምሳውን ሲበላ መታወቂያው እንደጠፋ ይናገራል፣ ያለ መታወቂያ የቤት ማመልከቻ የለም። ጥግ ላይ ያለችው ሴት የምትሠራው ይህንኑ ነው፣ ፎርሙን ትሞላለታለች። ቢሮ ሂድ ቢባል ኖሮ አይሄድም ነበር፣ ቢሮ ያስለቀሰው ሰው ነው።

ዊኒፔግን ተመልከት። በ2011 ኖርዝ ኤንድ በሚባለው ሰፈር ወጣቶች ዓመፅ በዛብን ብለው ሴልከርክ ጎዳና ላይ ካለው የደወል ማማ ሥር አርብ አርብ ማታ መሰብሰብ ጀመሩ። ደወሉን ይደውሉ፣ ያወሩ፣ የሚበላ ይካፈሉ ነበር። ክረምትም ቢሆን፣ ደግሞ የዊኒፔግ ክረምት። በ2014 ቲና ፎንቴይን የተባለች የ15 ዓመት ልጅ አስከሬን ከሬድ ወንዝ ወጣ። ከተማው ሁሉ ደነገጠ። ያኔ በ1992 ተጀምሮ የቆመ ቤር ክላን የተባለ የሰፈር ጥበቃ እንደገና ተቋቋመ። ጎረቤቶች የሚያበራ ሰደርያ ለብሰው ማታ ይዞራሉ። መሣሪያ የላቸውም። መርፌ ይለቅማሉ፣ ምግብ ያድላሉ፣ የሰከረ ካለ ቤቱ ያደርሳሉ። ተያይዘው በሌሊት የሚወጡ ሰዎች ከሰማይ አይወርዱም፣ የሚተዋወቁ መሆን አለባቸው። መተዋወቅ ደግሞ አንተ ስብሰባ ያልከው ነው።

ማስረጃ ከፈለግክ አንድ ልንገርህ፣ ከተማን የሚመለከት ባይሆንም። በ1998 የታተመ ጥናት አለ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ባሉ 200 ገደማ የፈርስት ኔሽን መንደሮች የተሠራ። ተመራማሪዎቹ ወጣቶች ራሳቸውን የሚያጠፉበትን መጠን አነጻጸሩ። ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ አስተዳደሩን በራሳቸው እጅ የያዙ፣ የባህል መሰብሰቢያ ቤት ያላቸው መንደሮች ውስጥ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ አገኙት። የተመዘኑበትን ስድስቱን ነገር ሁሉ ያሟሉት መንደሮች ውስጥ በተጠናው ጊዜ አንድም አልነበረም። በሌሎቹ ከአገሪቱ አማካይ ብዙ እጥፍ የሆነባቸው አሉ። መሰብሰቢያ ቤቱ ብቻውን አደረገው አልልህም፣ ስድስት ነገር ነው የተቆጠረው። ግን ከስድስቱ አንዱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ የካናዳ ነገር ብቻ ነው? እኛ ሚኒያፖሊስ ፍራንክሊን አቬኑ አጠገብ ነን።

መልስ፦ በሩ ላይ ተቀምጠህ ነው የምትጠይቀን! የሚኒያፖሊስ የአሜሪካን ኢንዲያን ማዕከል እዚያው ፍራንክሊን ላይ ነው፣ ከ1975 ጀምሮ። ሰፊ ዕድሳት ተደርጎለት በ2024 እንደገና ተከፍቷል። የጆርጅ ሞሪሰንን የእንጨት ሥራ ሳታይ እንዳትወጣ፣ የኦጂብዌ ተወላጅ ሠዓሊ ነበሩ። ውስጡ ካፌ አለው፣ የዱር ሩዝና የጎሽ ሥጋ ታገኛለህ። በዚያው ከተማ ነው በ1968 የአሜሪካን ኢንዲያን እንቅስቃሴ የተመሠረተው፣ ፖሊስ ሰዎቻችንን እየለቀመ ያስራል ብለው በየመንገዱ በራሳቸው ጥበቃ በማድረግ ነበር የጀመሩት።

አሜሪካ ውስጥ ወደ ከተማ የመጡበት መንገድ ትንሽ ይለያል። ከ1952 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ቲኬት ቆርጦ፣ ሥራ አለላችሁ ብሎ፣ ቺካጎና ዴንቨር፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያወርዳቸው ነበር። የመመለሻ ቲኬት የለም። ቺካጎ በ1953፣ ኦክላንድ በ1955 ማዕከል የተከፈተው እንዲህ የወረዱት ሰዎች እርስ በርስ ሲፈላለጉ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ማዕከል በ1969 ተቃጠለ። በሚቀጥለው ወር ወጣቶቹ የተዘጋውን የአልካትራዝ እስር ቤት ደሴት ያዙ፣ 19 ወር ቆዩበት። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የባህል ማዕከል ነበር።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የምታወሩትን ሳነብ እድር መሰለኝ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ድስቱና ወንበሩ እድር ነው፣ ለቀብር ተሰብስቦ ማብሰሉም። መዝገቡ ግን የለም። ወርኃዊ መዋጮ የለም፣ ባለመክፈልህ የሚሰርዝህ ሰብሳቢ የለም፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ዛሬ ይበላል። ይህ የእነሱ ብልጫ ነው። ድክመቱ ደግሞ እዚያው ላይ አለ። አብዛኛው ማዕከል የሚኖረው ከመንግሥት በሚመጣ በጀት ነው፣ ያውም በየፕሮጀክቱና በየዓመቱ የሚለመን። በጀቱ ሲቀነስ የዶቃው ማታ ይቀራል፣ ሹፌሩ ይቀነሳል፣ ሽማግሌዎቹን ከቤት የሚያመጣ አይኖርም። የእድርን ገንዘብ እንዲህ የሚያጥፍ ሚኒስትር የለም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ አኒሺናቤ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ናት። ማዕከላቸው ውስጥ ለሚደረግ ግብዣ ጠርታኛለች፣ ሁሉም ምግብ ይዞ ይመጣል አለችኝ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ልሂድ ወይስ ያስቃል?

መልስ፦ ሥሪ። በርበሬውን ግን ቀነስ አድርጊው፣ ሽማግሌዎች አሉ። ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ድስቱ አጠገብ አስቀምጪ። እዚያ ስትደርሺ ሰልፍ አትያዢ፣ መጀመሪያ የሚበሉት ኤልደሮች ናቸው፣ ወጣቶቹ ሳህን ይዘው ያቀርቡላቸዋል። አንድ ሰው ከያንዳንዱ ምግብ ቁንጥር እያነሣ ለብቻ ሳህን ላይ ሲያደርግ ካየሽ አትደንግጪ፣ ለሞቱት ነው የሚቀርበው፣ ያንቺም ዶሮ ይገባበታል። እንጀራው እንዴት እንደሚቆረስ ደግሞ አሳዪያቸው፣ ሹካ ፍለጋ ሲባክኑ አትዪያቸው። ለማምጣት ያሰብሽው ጠጅ ካለ ግን ቤት ተዪው፣ አልኮል እዚያ በር አይገባም።